ድምፅ ባለሙያው ድንገት ቢጠፋስ? ፋይቨርን፣ የቴሌግራም ባለሙያን፣ ስቱዲዮንና ዘመድን ስናወዳድር

ፖድካስት ኤዲት ለማሠራት፣ ትረካ ለማስቀዳት ወይም ዘፈን ሚክስ ለማሠራት ሰው የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ ናሙና ይሰማል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ሥራ ሲበላሽ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዋጋም በችሎታም አይደለም። ባለሙያው ጎበዝ ነው፣ በዋጋውም ተስማምተናል፤ ከዚያ «እየተሠራ ነው» ይላል፣ ከዚያ «ነገ ጠዋት»፣ ከዚያ መልእክታችን ተነቦ መልስ ይጠፋል።

መዘግየትና ዝምታ አንድ አይደሉም። «ሥራ ተደራርቦብኛል፣ ከሐሙስ ወደ ሰኞ ይዛወርልኝ» ያለ ሰው ዘግይቷል፤ እናንተም ፕሮግራማችሁን ታሸጋሽጋላችሁ። ዝም ያለው ግን ልጠብቅ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ የሚለውን ውሳኔ ራሱን ይነጥቃችኋል። ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ዛሬ ማታ ቢጠፋ ገንዘቡ ማን እጅ ነው? ጥሬው ቅጂስ?

ፋይቨርና አፕወርክ

የእነዚህ በኢንተርኔት ባለሙያ የሚቀጠርባቸው ገበያዎች ትልቁ ጥቅም ገንዘቡን የሚይዘው ሦስተኛ ወገን መሆኑ ነው። ፋይቨር ላይ ስታዝዙ ሙሉውን ትከፍላላችሁ፤ ገንዘቡ ግን ወዲያው ሻጩ ኪስ አይገባም። የማስረከቢያው ጊዜ ሲቆጥር ሁለታችሁም ታዩታላችሁ፣ ካለፈም ትእዛዙ ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል፣ የሻጩንም ስም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት እዚያ ፍጹም ዝምታ ብዙም አይገጥምም።

የሚገጥመው ሌላ ዘዴ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንዳንዱ ሻጭ ግማሹ የተሠራ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያልተነካ ፋይል ልኮ «አስረክቤያለሁ» ይላል፤ ቆጠራው እንዲቆምለት ነው። ደንቡ ደግሞ ሥራው ቀርቦ ገዢው በ3 ቀን ውስጥ ማስተካከያ ካልጠየቀ ትእዛዙ በራሱ ይዘጋል የሚል ነው። በጨዋነት «ይሁን፣ ዋናውን ነገ ይልካል» ብላችሁ ካለፋችሁ ገንዘቡ ሄደ። ማስተካከያ መጠየቂያውን ያኔውኑ ተጫኑ፣ የጎደለውንም በጽሑፍ ዘርዝሩ።

አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ ስትዋዋሉ ሥራውን በደረጃ መከፋፈል ይቻላል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ታስይዛላችሁ፣ ሥራው ሲቀርብ ትለቁታላችሁ። እዚህም ሥራው ከቀረበ በ14 ቀን ውስጥ ምንም ካላላችሁ ክፍያው ራሱ ይለቀቃል። የ10 ክፍል ፖድካስት ካላችሁ እያንዳንዱን ክፍል አንድ ደረጃ አድርጉት፤ ሰውየው አራተኛው ላይ ቢጠፋ ሦስቱ በእጃችሁ ናቸው፣ የስድስቱም ገንዘብ አልተነካም።

ሻጩ «ኮሚሽን እንዳይቆርጡብን ወደ ቴሌግራም እንሻገር» ካለ አትሻገሩ። ፋይቨር ከሻጩ ገቢ 20 በመቶ ስለሚወስድ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ከወጣችሁ በኋላ የያዛችሁት ከለላ የሌለው ሰው ነው፣ ያውም አገሩንም ቤቱንም የማታውቁት።

ለአማርኛ ሥራ የእነዚህ ገበያዎች ድክመት ቋንቋው ነው። ለሙዚቃ ሚክስና ማስተር፣ ለእንግሊዝኛ ቮይስ ኦቨር፣ ለመግቢያ ሙዚቃ እንከን አይወጣላቸውም። ንግግር ኤዲት ግን ሌላ ነው። አማርኛ የማይሰማ ሰው ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ሲጀምር የትኛውን እንደሚቆርጥ አያውቅም። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የመሳሰሉት ድምፆቻችንም ስለታም ፍንዳታ አላቸው፤ የአፍ ጠቅታ የሚያስወግደው ሶፍትዌር ከልክ በላይ ሲጠነክር እነሱን አብሮ ያለሰልሳቸዋል፣ አማርኛ የማይሰማው ሰው ደግሞ ልዩነቱ አይታወቀውም። እንዲህ ያለውን ሥራ መልሶ ማሠራት ራሱ አንድ ሳምንት ይበላል።

ከኢትዮጵያ ለሚያዝዝ ሰው የክፍያው ነገር ይጨመርበታል። ተራ የብር ሂሳብ ካርድ እነዚህ ገበያዎች ላይ ስለማይሠራ ብዙ ሰው ውጭ ባለ ዘመዱ አካውንት ያዝዛል። ያኔ ክርክር ቢነሳ ተከራካሪው ዘመድ ነው፤ የ3 ቀኑ ቆጠራም እሱ ሥራ ላይ እያለ ያልቃል። እንዲህ የምታደርጉ ከሆነ ማሳወቂያው ለማን እንደሚደርስ ከማዘዛችሁ በፊት ተነጋገሩ።

በቴሌግራም የተገኘ የአዲስ አበባ ባለሙያ

ይህን ክፍል አረዝመዋለሁ፤ የአብዛኞቻችን ሥራ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ባለሙያው ቋንቋውን ያውቃል፣ ቀልዱ የት ላይ እንደሆነ ይገባዋል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍሉታላችሁ፣ ሌሊትም ይሠራል። ጉድለቱ ከላይ ላነሳሁት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው፦ ገንዘቡ እሱ ጋ ነው፣ ቀነ ገደቡን የሚቆጥር ማንም የለም፣ ጥሬውም ቅጂ ካልተጠነቀቃችሁ እሱ ጋ ብቻ ይቀራል።

ለምን ዝም ይላሉ? ማጭበርበር አለ፣ ግን ከምንጠረጥረው ያነሰ ነው። የተለመደው ምክንያት «አልችልም» ማለት አለመቻል ነው። ከእንቁጣጣሽ በፊት ነጠላ ዜማና አልበም ለማድረስ ሁሉም ይሯሯጣል፤ ለገናና ለፋሲካ መዝሙሩ፣ ለረመዳን ነሺዳና መንዙማው ይመጣል፤ በጥር ደግሞ ኤዲት የሚሠራላችሁ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ቤት ሚክሰር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሰሞኖች በተሰጠ ቀጠሮ ሁሉ ላይ በልባችሁ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። ከዚያ መብራትና ኔትወርክ አሉ። «መብራት ጠፍቶ ነው» የሚለው ሰበብ አንዳንዴ እውነት መሆኑ ነው ችግሩ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት የተዘጋበትን የ2012 ዓ.ም. ክረምት ያስታወሰ ሰው ፋይሉን በአንድ መንገድ ብቻ ለመቀበል አይስማማም።

ሁለተኛው ምክንያት እፍረት ነው። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ይደውላል። አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው ስማችሁ ስልኩ ላይ ሲበራ ይሸማቀቃል፣ ሥራውን ጨርሶ በአንዴ ሊያስደስታችሁ ያስባል፣ ሳይጨርስ ሌላ ሳምንት ይሄዳል። በየቀኑ «ምነው ጠፋህ?» ማለት ይህን ያባብሰዋል። መፍትሔው ገና ከመጀመሪያው ሥራውን ትንንሽ አድርጎ መስጠት ነው። ሙሉ ትረካውን አትላኩ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኩ፣ ተቀበሉ፣ ክፈሉ፣ ሁለተኛውን ላኩ። ትንሽ ሥራ ሲዘገይ እፍረቱም ትንሽ ነው፣ ሰውም ስልክ ያነሳል።

ቀጠሮ ስትይዙ የቀን አቆጣጠሩን ጻፉ። ውጭ ላላችሁ ይህ ቀልድ አይደለም። ሚያዝያ 5 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ነው፤ «ለሚያዝያ 5» ብሎ የተስማማ የዋሽንግተን ደንበኛ በልቡ ኤፕሪል 5ን ከያዘ ማንም ሳያጠፋ 8 ቀን ተቆጥቶ ይጠብቃል። ሰዓቱም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋዋ ገና ቀን 7 ሰዓት ነው፣ በክረምቷ ደግሞ 6 ሰዓት። «ማታ 2 ሰዓት» ብቻ ብሎ መተው የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ጭቅጭቅ መግዛት ነው። «በአዲስ አበባ ሰዓት» የምትለዋን ሐረግ ጨምሩ።

ከመቅጠራችሁ በፊት ናሙናውን ብቻ አትስሙ፤ አመላለሱን ፈትኑት። የ5 ደቂቃ ቅጂ ላኩለትና ከፍላችሁ አሠሩት። አብራችሁም መልስ የሚሻ ጥያቄ ጠይቁት፦ «እንግዳው ማይኩን አርቆ ይዞታል፣ ይስተካከላል ወይስ እንደገና ልቅዳ?» ጥያቄውን የመለሰ ሰው ናሙናው ከተዋበው ሰው ይሻላል። «አሁን ስንት ሥራ ይዘሃል?» ብላችሁም ጠይቁ። «ሁለት አሉኝ፣ ያንተን ከረቡዕ በፊት አልነካም» የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ ያዙት። «ችግር የለም፣ ዛሬውኑ» የሚለውን እኔ እፈራዋለሁ።

ክፍያውን በሦስት ከፍላችሁ ሲሦውን ሲጀምር፣ ሲሦውን የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትሰሙ፣ ቀሪውን የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ስትቀበሉ ስጡ። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል ሥራውን ወረፋው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምንም አለመክፈልም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ ቀብድ ብላችሁ በመልእክት ብትጽፉት ሕጋዊ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ይለቃል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ለጥቂት ሺህ ብር ፍርድ ቤት የሚመላለስ ብዙ ሰው አለ ብዬ አይደለም። ነገሩ በጽሑፍ ሲሰፍር ግን ሁለቱም ወገን ቁም ነገር ያደርገዋል።

ከዚያ ፋይሉ። ጥሬውን ቅጂ ራሳችሁ ዘንድ ሳታስቀሩ ለማንም አትላኩ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የአንድ ሰው ድምፅ በሰዓት 500 ሜጋባይት ግድም ይመዝናል፤ ቴሌግራም በነጻው አገልግሎት አንዱን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚያሳልፍ አንድ ክፍል ይበቃዋል። በድምፅ መልእክት ቅርጽ ወይም በዋትስአፕ ቮይስ አትላኩት፣ ይታመቃል። በፋይልነት ላኩት። ከባለሙያው ስትቀበሉም ኤምፒ3 ብቻ አይበቃም፤ የተጸዳውን ዋቭ (ያልታመቀውን ፋይል)፣ ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ የየመሣሪያውን ትራክ ለየብቻው ጠይቁ። እሱ ኪዩቤስ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሠርቶ ቀጣዩ ሰው ሪፐር በተባለው ቢሠራ የፕሮጀክት ፋይሉ ለቀጣዩ አይከፈትም፤ ለየብቻ የወጣ ትራክ ግን ሁሉም ጋ ይከፈታል።

ለማዘዝ የምጠቀምበት መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ወንድሜ። የ42 ደቂቃ ቃለ ምልልስ ነው፣ ሁለት ማይክ፣ ዋቭ። የምፈልገው የጀርባ ጫጫታ ማጽዳት፣ የተደጋገመውን መቁረጥ፣ መግቢያና መዝጊያ ሙዚቃ ማስገባት። ጉልህነቱ -16 ላፍስ ይሁን። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12፣ በአዲስ አበባ ሰዓት እስከ ማታ 2፤ ሁለት ዙር ማስተካከያ ይኖረናል። ቀብዱን አሁን በቴሌብር ልኬያለሁ። ከዘገየ ረቡዕ ማታ ላይ ንገረኝ፣ አልቆጣም።»

ያ የላፍስ ቁጥር ለጌጥ አልገባም፤ ላፍስ የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው -16 ነው፣ ስፖቲፋይ ደግሞ ወደ -14 ያስተካክላል። ቁጥሩን ካልጻፋችሁ «ትንሽ ይነሳልኝ»፣ «አሁን በዛ» እየተባባላችሁ ሦስት ዙር ትመላለሳላችሁ፤ ሦስቱም ዙር በቀን መቁጠሪያ ላይ መዘግየት ተብለው ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ስለ ደንበኛውም ልናገር። የመዘግየቱን ግማሽ እኛ ነን የምናመጣው። ረቂቁን ተቀብሎ አምስት ቀን ሳይሰማ የሚያቆይ፣ ከዚያ አስተያየቱን በሰባት የድምፅ መልእክት በትኖ የሚልክ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ «እህቴም ሰምታ ነበር» ብሎ አዲስ ሐሳብ የሚያመጣ ደንበኛ ያለበት ባለሙያ ቢጠፋ አልፈርድበትም። አስተያየታችሁን በአንድ ጽሑፍ፣ ደቂቃና ሰከንዱን ጠቅሳችሁ ላኩ፦ «12:40 ላይ ሳሉ ይውጣ፤ 18:05 ላይ ስሙ በስህተት ስለተጠራ ከ18:02 እስከ 18:09 ይቆረጥ።»

ስቱዲዮ

ስቱዲዮ በር አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሄዳችሁ ታንኳኳላችሁ። ብዙዎቹ ፈቃድ አላቸው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ አንዱ ልጅ ቢታመም ሌላው ይቀጥላል። ዋጋቸው ከግለሰብ ይበልጣል፣ ግን አልበም ወይም ረጅም ትረካ ለሚያስቀዳ ሰው ልዩነቱ ዋጋ አለው።

የስቱዲዮ መዘግየት ዓይነቱ ሌላ ነው። ቃል የገባላችሁ ባለቤቱ ነው፣ የሚሠራው ልጅ ግን ቃሉን አልሰማም። ታዋቂ ድምፃዊ ሲመጣ ደግሞ የእናንተ ወረፋ ያለ ማስታወቂያ ይገፋል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራውን ልጅ ስምና ስልክ ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም ከእሱ ጋር ያዙ። ሂሳቡ በሰዓት ነው ወይስ በሥራ የሚለውም ይለይ፤ በሰዓት ከሆነ ልምምዳችሁን ቤታችሁ ጨርሱ።

ከሁሉ በላይ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ የዕለቱን ቅጂ በራሳችሁ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ውጡ። ቅጂው ስቱዲዮው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ካለ በክፍያ ጭቅጭቅ ሲነሳ መያዣ ይሆናል፤ ዲስኩ ከተበላሸ ደግሞ የሁለታችሁም ኪሳራ ነው። ይህን ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው አይቻለሁ። ጨዋ ስቱዲዮ አይከፋውም።

ዘመድና ጓደኛ

ዋጋው ትንሽ ነው ወይም የለም፣ መጠየቁ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ይሉኝታ አለ። የአክስት ልጅን «ለምን ዘገየህ?» ማለት ለቀጣዩ የቤተሰብ ድግስ የሚተርፍ ነገር ነው። ጊዜ ለማያስቸኩል ሥራ፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ይሁን። ቀን የተቆረጠለትን ሥራ ግን በነጻ አታሠሩት፤ ትንሽም ቢሆን ከፍላችሁ ቀን ያዙ። ያልተከፈለው ሰው ቢዘገይ ትክክል እሱ ነው።

ከፊሉን ራስ መሥራት

ሙሉ በሙሉ ከባለሙያ ለመላቀቅ አይደለም፤ ባለሙያው ሲጠፋ የዚህን ሳምንት ክፍል ለማውጣት ነው። ኦዳሲቲ ነጻ ነው፣ መቁረጥና መቀጠል በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ኦፎኒክ የተባለው ድረ ገጽ ጉልህነት ያስተካክላል፣ ጫጫታ ይቀንሳል፣ በወርም 2 ሰዓት ድምፅ በነጻ ይሠራል። የአዶቢ ፖድካስት ማሻሻያም አለ፤ ኃይሉን ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ካልሆነ የሰው ድምፅ የማሽን ይሆናል። የጥራቱ ደረጃ ከባለሙያው ሊያንስ ይችላል፣ ግን በቀኑ የወጣ ክፍል አድማጭ አያሳጣም።

ታዲያ የትኛው ለማን?

ሳምንታዊ የአማርኛ ፖድካስት ላለው የቴሌግራም ባለሙያ ይሻለዋል፣ ሁለት ሰው ይዞ። አንዱ ዋና፣ ሌላው በወር አንድ ክፍል የሚሠራ ተጠባባቂ ይሁን፤ ተጠባባቂው ፈጽሞ ያልሠራላችሁ ሰው ከሆነ በችግር ቀን አይረዳም። ሁልጊዜም ያለቁ ሁለት ክፍሎች በእጅ ይኑሩ። አልበም ወይም ሙሉ መጽሐፍ ለሚያስቀዳ ስቱዲዮ፣ በጽሑፍ ውል። ለአንድ ጊዜ የሙዚቃ ማስተር ወይም የእንግሊዝኛ ድምፅ ለሚፈልግ፣ የውጭ ካርድም ላለው ፋይቨር። ውጭ ሆኖ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለሚቀጥር ደግሞ የሐዋላ ገንዘብ አንዴ ከደረሰ እንደማይመለስ ያስብ፤ ስለዚህ በምዕራፍ በምዕራፍ እየተረከበ ይላክ፣ የሐዋላው ወጪ ቢበዛበትም።

ለበዓል የሚደርስ ሥራ ካላችሁ የትኛውም አማራጭ አያድናችሁም፤ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። በመጨረሻው ሳምንት እጥፍ ከፍሎ ያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከበዓሉ በኋላ እንደገና የሚሠራ ነገር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ዝምታው ከመጣ በኋላ

ቀጠሮው ካለፈ በማግስቱ አንድ መልእክት ላኩ፣ ወቀሳ የሌለበት፣ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል፦ «እስከ ቅዳሜ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ረጅም ማብራሪያ የሚጠይቅ መልእክት ያፈረውን ሰው የባሰ ያርቀዋል። መልስ ካልመጣ ደውሉ፤ ካላነሳ በሌላ ሰው በኩል ደህንነቱን ጠይቁ። አንዳንዴ በእርግጥ ለቅሶ ላይ ነው።

ቀጥሎ አዲስ ቀን የያዘ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይምጣ፦ «እስከ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ካልደረሰኝ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።» በሕጋችንም ውሉ አልተፈጸመልኝም ባይ በመሠረቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1772 እና ተከታዮቹን ማየት ነው። መልእክቱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ማክሰኞ አልፎ ስልክ ካነሳ ገንዘብ መልስ በማለት አትጀምሩ። «ያለውን እንዳለ ላክልኝ» በሉት፣ ግማሽ የተጸዳም ይሁን፣ ፕሮጀክቱም ይሁን። ይህን ጥያቄ ብዙው ሰው እሺ ይላል፤ ሥራው የተነካ መሆኑን ያሳይለታልና ከእፍረቱ ያወጣዋል። ለተሠራው የሚገባውን ተነጋግራችሁ ቀሪውን ዝጉ። ለሚቀጥለው ባለሙያ ስትሰጡት ጥሬውን ቅጂ፣ የመጣውን ግማሽ ሥራ፣ ከዚህ በፊት ወጥቶ የወደዳችሁትን አንድ ክፍል በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ላኩለት። ግማሹን እንዲቀጥል አታስገድዱት፤ የሌላ ሰው ቁርጥ ላይ መቀጠል ከመጀመሪያው ከመሥራት የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ እሱን እሱ ይወስን።